ሙያ በልብ ነው፤ ወረቀቱስ?

(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ እንድንናገር ሲጠይቀን መጀመሪያ እንቢ ብለን ነበር። እኛ ከ12ኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለንም። ሥራችን ሱቅ ነው፤ በርበሬና ሽሮ መመዘን እንጂ መድረክ ላይ መቆም አልለመድንም። ኮሚቴው ግን «ስለ ሱቁ አይደለም የምንጠይቃችሁ፤ ከሱቁ በፊት ስለነበረው ሥራችሁ ንገሩን፣ ልጆቹ አያውቁትም» አለን። እውነት ነው። ሱቃችን ውስጥ ከቡናው ጆንያ በላይ አንድ ወፍራም ገመድ ተሰቅሏል። ልጆች እንጀራ ሊገዙ ሲመጡ «ይሄ ገመድ የምንድን ነው?» ይሉናል፤ እኛም ወረፋ ስለሚበዛ «የድሮ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ዛሬ ወረፋ ስለሌለ እንነግራችኋለን። የምንጠራቸው ዓመታት በምንኖርበት አገር አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

«እኛ» ስንል ሦስት ሰዎች ማለታችን ነው። ታላቃችን የጉለሌ ልጅ ነበር፣ እንጦጦ ሥር ያደገ። ሁለተኛው ከጅማ ገጠር የመጣ ሲሆን አባቱ ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀሉ ማር የሚቆርጡ ነበሩ። ሦስተኛው ደሴ የተወለደውና 12ኛን ጨርሶ የተሰደደው፣ ዛሬ ባለሱቅ ሆኖ ይህን ንግግር የሚያነብላችሁ ነው። ታላቃችን አርፏል፤ ነፍስ ይማር። የጅማው ወንድማችን ከፊት ረድፍ ከዘራውን ይዞ ተቀምጧል። ስለዚያ ከዘራ እንድንናገር ፈቃዱን ጠይቀነው ነበር፤ «ካልተናገራችሁማ ምን ልታወሩ ነው?» ብሎናል።

በ1991 በአገራችን መንግሥት ሲለወጥ በሞያሌ በኩል ከተሻገረው ብዙ ሕዝብ ጋር ወጣን። መጀመሪያ ዋልዳ መጠለያ ነበርን፤ ዋልዳ ሲዘጋ ወደ ካኩማ ተወሰድን። እዚያ የነበራችሁ ሙቀቱንና አቧራውን ታስታውሳላችሁ። ናይሮቢ የደረስነው በ1994 ነው። ኢስሊ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ለሦስት ተከራየን። የ12ኛ ክፍል ውጤታችን አገር ቤት ቀርቷል። የመንጃ ፈቃድ የለ፣ የሥራ ፈቃድ የለ፣ ስዋሂሊ የለ። ጠዋት ወጥተን ማታ ባዶ እጃችንን መመለስ ልማዳችን ሆነ።

ያን ጊዜ እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ማገዶ የሚያመጡላቸው አንድ ኬንያዊ ሽማግሌ ነበሩ። ሽማግሌው የባሕር ዛፍና የግራቪሊያ ፍልጥ በእጅ ጋሪ አስጭነው ይመጣሉ። አንድ ቀን ፍልጡን ስናራግፍ እትዬ በተሰባበረ ስዋሂሊ «እነዚህ ያገሬ ልጆች ናቸው፤ ከርስዎ ጋር ይውሰዷቸው፣ ካልሠሩ ይመልሱልኝ» አሏቸው። ሽማግሌው እጃችንን ገልብጠው አዩና ሳቁ። የኛ መዳፍ የተማሪ መዳፍ ነበር። ቢሆንም በማግስቱ ጠዋት በ12 ሰዓት እንድንገኝ ነገሩን። እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አገሩ ወግ «ምዜ» እያልን ጠራናቸው። አባባ እንደ ማለት ነው።

ምዜ ዛፍ ሥራ የጀመሩት በልጅነታቸው ነው። ትምህርት ቤት አልገቡም። ሥራቸው በካረን፣ በላንጋታ፣ በላቪንግተን ሰፋፊ ግቢዎች ውስጥ ነበር፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ያወርዳሉ፣ በቤት ላይ ያዘነበለ ዛፍ ይጥላሉ፣ እንጨቱን ይሸጣሉ። ኬንያውያን እንዲህ ያለውን በፀሐይ ላይ የሚሠራ፣ መዝገብ የሌለው ሥራ «ጁዋ ካሊ» ይሉታል፤ ኃይለኛ ፀሐይ ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር እኛ ሥራውን ንቀነው ነበር። በተለይ ታላቃችን «ባሕር ዛፍን ለኔ ነው የሚያስተምሩኝ?» ይል ነበር። አልፈረድንበትም። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ልትፈታ በደረሰች ጊዜ፣ መጥቶ ከተማዋን ያቆያት ዛፍ ነው። የጉለሌ ልጅ ከባሕር ዛፍ ጋር ነው የሚያድገው፤ በቅጠሉ ጉንፋኑን ይታጠናል፣ በአጣናው ቤቱን ይሠራል። ኬንያም ይኸው ዛፍ የገባው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ለባቡሩ ማገዶ እንዲሆን ነበር። ዛፉ አንድ ነው፤ ሥራው ግን የተለያየ ነው። እኛ የምናውቀው ገና በቀጭንነቱ ከሥሩ የሚቆረጠውንና ጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጠውን ነው። ናይሮቢ ያገኘነው ደግሞ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈውን፣ በጣሪያ፣ በአጥርና በኤሌክትሪክ ሽቦ መካከል የቆመውን ነው።

ምዜ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መጋዝ አላስነኩንም። ጭራሮ መጎተት፣ ቅጠል መጥረግ፣ ፍልጥ መደርደር ብቻ። ጠዋት ጠዋት ዛፉ ሥር ያቆሙንና «የት መውደቅ ይፈልጋል?» ብለው ይጠይቁናል። እያንዳንዳችን በጣታችን እናሳያለን። ከዚያ ለምን እንደተሳሳትን ይነግሩናል። ግንዱ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ቢመስልም ክብደቱ ያለው ጫፉ ላይ፣ ቅርንጫፉ በበዛበት በኩል ነው። ነፋስ አለ። ሥሩ አጠገብ እንጉዳይ ካበቀለ ውስጡ ሊበሰብስ ይችላል፤ በመጥረቢያ ጀርባ ሲመታ እንደ ከበሮ ካስተጋባ ባዶ ነው። ቀዳዳ ካለውም ንብ ሊኖርበት ይችላል። በንቡ ነገር ግን የጅማው ወንድማችን ከሁላችን በለጠ። ከምዜም ሳይቀር በለጠ። ከአባቱ ያየውን ይዞ ነበርና።

ሌላም ይዘነው የመጣነው ዕውቀት ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ ትልቅ ቁልቋል እንድንቆርጥ ስንታዘዝ የቁልቋል ወተት ዓይን እንደሚያጠፋ ከልጅነታችን ስለምናውቅ ፊታችንን ሸፍነን፣ ነፋሱን በጀርባችን አድርገን ሠራን። ምዜም ይህን አይተው በኛ ላይ እምነታቸው ጨመረ።

ከሦስት ወር በኋላ መጋዝ ተሰጠን። እዚህ ላይ ልጆች አዳምጡ፤ ግቢያችሁ ውስጥ ዛፍ ላላችሁ አባወራዎችም ይጠቅማል። ወፍራም ቅርንጫፍ በአንድ ቁራጭ አይወርድም። ከላይ ብቻ ከተቆረጠ ሳያልቅ በክብደቱ ይሰበርና የግንዱን ቅርፊት ልጦ ይወርዳል። ስለዚህ ሥራው ሦስት ቁራጭ ነው። የመጀመሪያው ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ከሥር ወደ ላይ፣ እስከ ሲሶው ድረስ። ሁለተኛው ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች፤ ቅርንጫፉ በዚህ ይወድቃል። ሦስተኛው የቀረውን ቁራጭ ማንሳት ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ያበጠ አንገት አለ። ዛፉ ቁስሉን የሚደፍነው በዚያ አንገት ነው፤ አይነካም። ከአንገቱ ውጭ ተጠግቶ መቁረጥ ነው። ቀለም መቀባት፣ ጭቃ መለጠፍ አያስፈልገውም።

ዛፍ ሲጣልም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ በሚወድቅበት በኩል አፍ ይከፈትለታል። ከዚያ በጀርባው በኩል ከአፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆረጣል። በመካከል ግን የማይቆረጥ እንጨት ይቀራል፣ ልክ እንደ በር ማጠፊያ። ዛፉን መርቶ የሚያስተኛው ያ ማጠፊያ ነው። ማጠፊያውን የቆረጠ ሰው ዛፉን መቆጣጠር አይችልም። የምትሸሽበት መንገድም መጋዝ ከመነሣቱ በፊት ይጸዳል፤ ወደ ኋላና ወደ ጎን፣ በቀጥታ ከዛፉ ጀርባ አይደለም፤ ግንዱ ተመልሶ ሊመታ ይችላልና። ምዜ ይህን ሁሉ ያስተማሩን በጥቂት ቃል ነው። «ፖሌ ፖሌ» ይላሉ፤ ቀስ በቀስ። እኛም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለን ተረጎምንላቸው፤ በጣም ወደዱት።

ከ1997 መጨረሻ እስከ 1998 መጀመሪያ ኤል ኒኞ የሚባለው ዝናብ ኬንያን አጥለቀለቀ። ያስታወሳችሁ ትኖራላችሁ። መሬቱ ረጠበ፣ ዛፍ በየግቢው ከነሥሩ ተነቀለ። ሥራ በዛ። በቀን ሁለትና ሦስት ቦታ እንጠራ ጀመር። ገንዘብ አየን፤ ከገንዘቡ ጋር ጥጋብ መጣ። ከምዜ የምናገኘው የቀን ሒሳብ ነበር። «እኛ ወጥተን፣ እኛ ቆርጠን፣ ትርፉን ለምን ለሌላ?» ተባባልን። ተዋጥተን አሮጌ የሞተር መጋዝ ገዛንና ሳንሰናበታቸው ከምዜ ተለየን። በዚህ እስከ ዛሬ እናፍራለን።

አደጋው የደረሰው በ1999 ነው። በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ በቤት ላይ ያዘነበለ ባሕር ዛፍ ነበር። ባለቤቱ መጀመሪያ «ባለሙያ ናችሁ?» ብሎ ጠየቀን። «አዎ» አልን። የጅማው ወንድማችን ሰባት ሜትር ያህል ወጣ። ቅርንጫፉ ጣሪያ ላይ እንዳይወድቅ በገመድ ታስሮ ቀስ ብሎ መውረድ ነበረበት። ምዜ እንዳስተማሩን ገመዱ ከታች በሌላ ግንድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል፤ ክብደቱን የሚሸከመው ግንዱ ነው፣ ሰው የሚያደርገው ማላላት ብቻ ነው። ያን ቀን ሊመሽ ነበር፣ ቸኩለን ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ጠመጠምንና ቀሪውን በክንድ ያዝነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላል የአገራችን ሰው። ቅርንጫፉ ከገመትነው በላይ ከበደ። ገመዱ እጅ ልጦ አመለጠ። ቅርንጫፉ ዞሮ መጣና ወንድማችንን መታው። እሱ ደግሞ በዚያች ደቂቃ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሊሻገር የራሱን መታጠቂያ ፈትቶ ነበር። ወደቀ። ዳሌው ተሰበረ።

ገመዱን የያዘው ይህን ንግግር የሚያነብላችሁ ነው።

ባለቤቱ ሮጦ መጣ። «ወረቀታችሁ የታለ? ኢንሹራንስ አላችሁ?» አለን። ምንም አልነበረንም። የታክሲ ሰጠንና በሩን ዘጋ። ለብዙ ጊዜ ረገምነው። ኋላ ግን ሲታሰብ እሱ ጠይቆን ነበር፤ «አዎ ባለሙያ ነን» ያልነው እኛ ነን።

ሆስፒታሉ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀ። የጠየቀውን ገንዘብ በሕይወታችን ቆጥረን አናውቅም። እትዬ ናቸው ነጠላቸውን ዘርግተው ቤት ለቤት የዞሩት። ኢስሊ ያለ የሐበሻ ቤት ሁሉ ሰጠ። የክርስቲያኑም የእስላሙም፣ የአማራውም የኦሮሞውም የትግሬውም። ሃምሳ ሽልንግ የሰጠ አለ፤ የጣት ቀለበቷን ያወለቀች አለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለውን ያን ሳምንት በዓይናችን አየን። ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ወንድማችን ዳነ፤ እግሩ ግን አጠረ፣ ዛፍ ከመውጣትም ተሰናበተ። ከመዋጮው የተረፈውን «ለሚቀጥለው ሰው ይቀመጥ» ብለው እትዬ በቆርቆሮ አስቀመጡት። በዓመቱ፣ በ2000፣ ያ ቆርቆሮ ዕድር ሆነ፤ ዕድሩም ይህ ዛሬ 25 ዓመቱን የምናከብርለት ማኅበር ሆነ። መሥራቾቹ እዚህ አሉ፤ ከተሳሳትን ያርሙን።

ከአደጋው በኋላ ሁለታችን ወደ ምዜ ሄድን። በር ላይ ቆመን አንገታችንን ደፋን። ምዜ ስድብ አልተናገሩም። «ገመዱን ስንት ጊዜ ጠመጠማችሁት?» ብቻ አሉ። «አንድ» አልናቸው። ዝም አሉ። ከዚያ መጥረጊያ ሰጡንና እንደገና ከቅጠል መጥረግ አስጀመሩን። ለአንድ ወር ጠረግን።

ከዚያ በኋላ ነው ደብተሩ የመጣው። ከመካከላችን የጽሕፈት ልምድ የነበረው የደሴው ስለሆነ በየማታው የቀኑን ሥራ በአማርኛ ይጽፍ ጀመር። ታላቃችን እየተናገረ፣ አልጋ ላይ ያለው ወንድማችንም እየጠየቀ። አንዱን ገጽ እናንብብላችሁ። «ማክሰኞ። የፈረንጅ ጥድ፣ የግንዱ ውፍረት 40 ሳንቲ ሜትር። ወደ ግራ ያዘነበለ። ሽብልቅ ሳናዘጋጅ ቆረጥን፤ መጋዙ ተነክሶ ቀረ፣ አንድ ሰዓት ጠፋ። ከእንግዲህ ሽብልቁ ከመጋዙ በፊት ይወጣል።» እንዲህ ያሉ አምስት ደብተሮች አሉን። ስሕተታችን ከተሳካልን ይበልጣል። ምዜ ማንበብ ባይችሉም ደብተሩን ሲያዩ «አሁን ሁለት መምህር አላችሁ» ይሉን ነበር።

ሁለተኛ ልማድም ጀመርን። ሥራ በጨረስን ቁጥር ለባለቤቱ «እባክዎን የሠራነውን በሁለት መስመር ይጻፉልን» እንላለን። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ በሚያምር እንግሊዝኛ ይጽፋል። በ2005 አንድ ትልቅ ግቢ የሚያስተዳድር ሰው የምስክር ወረቀት ሲጠይቀን የምስክር ወረቀት እንደሌለን በግልጽ ነግረን ደብዳቤዎቹንና ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን። አማርኛውን ማንበብ አልቻለም፤ ሥዕሉን ግን አየ። ታላቃችን የእያንዳንዱን ዛፍ ማዘንበልና የመቁረጫውን ቦታ በእርሳስ ይሥል ነበርና። ብዙ ጠየቀን። የማናውቀውን «አናውቅም» አልነው። ሥራውን ሰጠን። በሌላ ጊዜ ደግሞ የተሻለ ሥራ በወረቀት ማጣት አምልጦናል። ያገኘው ሰው የጃካራንዳዎቹን አናት ሁሉ ጎምዶ ሄደ። አናቱ የተጎመደ ዛፍ ለጊዜው የጸዳ ይመስላል፤ ከቁስሉ ሥር ብዙ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያወጣል፤ አያያዛቸው ደካማ ስለሆነ ከዓመታት በኋላ በነፋስ ይገነጠላሉ። ያ ሰው ወረቀት ነበረው። እንግዲህ ወረቀት ብቻውን ሙያ እንዳልሆነ አየን፤ ሙያም ያለ ወረቀት በር ላይ እንደሚቀር አየን።

ስለ ዛፍ ስናወራ አንድ ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ቅር ይለናል። በጥር 1999 ዋንጋሪ ማታይ የካሩራን ጫካ ከመሸንሸን ለማዳን ዛፍ ልትተክል ሄዳ ከጓደኞቿ ጋር ተደበደበች። ከተማው በሙሉ ስለ ዛፍ ያወራ ነበር። እኛ መጋዝ ተሸክመን ስንሄድ «ገዳዮች» ብሎ የሰደበን ሰው አለ። ለምዜ ነገርናቸው። እሳቸውም ከአሥር ሥራችን ስንቱ መጣል፣ ስንቱ መመልመል እንደሆነ እንድንቆጥር አዘዙን። ብንቆጥር አብዛኛው መመልመል ሆነ፤ ዛፉ እንዲቆይ የሚደረግ ሥራ። ሾላ የመሰለውን «ሙጉሞ» የሚሉትን ዛፍ ደግሞ ምዜ ምንም ቢከፈላቸው አይቆርጡም ነበር፤ በኪኩዩዎች ዘንድ የተከበረ ነው፣ አባቶች የሚጸልዩበት፤ እንደኛ አገር ዋርካ። ዋንጋሪ በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ስትቀበል ምዜ ሬዲዮናቸውን ይዘው ወደኛ መጡ፤ አብረን ሰማን። ኋላም በ2020 በዋያኪ መንገድ ዳር ያለው ትልቅ ሙጉሞ ለፈጣን መንገዱ ሥራ ሊነሣ ሲል ሕዝብ ጮኾ ዛፉ ተረፈ። ምዜ ያን አላዩም፤ ቀድመው አርፈዋል። ማታቱ ውስጥ ሆነን በዚያ ስናልፍ ግን እናስባቸዋለን።

በ2010 ጉልበታችን እምቢ ሲል ሱቁን ከፈትን። መጋዙን ከኛ ጋር ለተማረ ኬንያዊ ወጣት አስረከብነው። ገመዱን ግን አልሰጠንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመጣለን። ይህን ሁሉ የተናገርነው እናንተን ለማስተዛዘን አይደለም። ዛሬም ከአገር ቤት የሚመጡ ወጣቶች ወደ ሱቃችን ይመጣሉ። አንዱ የቤት ንጣፍ ይሠራል፣ አንዱ የኤሌክትሪክ መሥመር ይዘረጋል፣ አንዷ ፀጉር ትሠራለች፣ ሁለቱ እንደኛ ዛፍ ላይ ናቸው። ሁሉም በዓይናቸውና በእጃቸው የተማሩ ናቸው። ስንጠይቃቸው «ሙያ በልብ ነው» ይሉናል። ልክ ናቸው፤ እኛም ይህን ብለናል። ነገር ግን የወደቀ ሰው ሲታከም የልብ ሙያ ካርድ አያወጣም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናለን።

አንደኛ፣ የምትማሩ ልጆች፣ ያላወቃችሁትን «አላውቅም» በሉ። እኛን የጎዳን አለማወቃችን ብቻ አልነበረም፤ ከምዜ ተምረን ነበር። የጎዳን «አዎ ባለሙያ ነን» ያልነው ቃል ነው። የቀን ሥራችሁን ጻፉ፤ በአማርኛም ቢሆን፣ በኦሮምኛም ቢሆን፣ በስልክ ፎቶ እያነሣችሁም ቢሆን። ከሠራችሁለት ሰው ሁለት መስመር ተቀበሉ።

ሁለተኛ፣ መንገዱ ዛሬ ከኛ ጊዜ ይሻላልና ተጠቀሙበት። ኬንያ ውስጥ «ትሬድ ቴስት» የሚባል የመንግሥት የሙያ ፈተና አለ፤ በሦስት ደረጃ ይሰጣል። አናጺነት፣ ግንበኝነት፣ የኤሌክትሪክ ሥራና ሌላም በእጅ ሥራ ጭምር ይፈተናል፤ ሙያውን በሥራ ላይ የተማረ ሰውም መቀመጥ ይችላል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በልምድ የተገኘን ዕውቀት መዝኖ እውቅና የመስጠት አሠራር ተጀምሯል። አሠሪዎች ለሆናችሁ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ቃል አለን። በ2007 የወጣው የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው ኢንሹራንስ እንዲገባ ያዛል። እኛም ልጆች ቀጥረን ስናሠራ ከፍለናል። ሲከፈል ያማል፤ ሆስፒታል በር ላይ ነጠላ ከመዘርጋት ግን ይቀላል።

ሦስተኛው ልመናችን ለማኅበራችን ነው። ማኅበራችን የሚያለቅስ ያጽናናል፣ የሞተ ይቀብራል፣ የታመመ ይጠይቃል። አሁን ደግሞ አንድ መዝገብ ይክፈት። ከመካከላችን ማን ምን ሙያ እንዳለው፣ ከማን እንደተማረ፣ ስንት ዓመት እንደሠራ ይጻፍ፤ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ይፈርሙበት። ለፈተና መክፈያ ለሌለው ልጅ ዕድሩ ያበድረው፣ ሠርቶ ይመልስ። በ1999 በቆርቆሮ የቀረው ገንዘብ «ለሚቀጥለው ሰው» ተብሎ ነበር። የሚቀጥለው ሰው እስኪወድቅ መጠበቅ የለብንም። ለመጀመሪያ እንዲሆን እኛ አምስቱን ደብተሮች ዛሬ ለማኅበሩ እናስረክባለን። ከገጾቹ የኛ ውርደት ይበዛባቸዋል፤ አትሳቁብን።

የጅማው ወንድማችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቃችን ጓሮ ይቀመጣል። ዛፍ ላይ ያሉት ልጆች የመጋዛቸውን ሰንሰለት ይዘው ይመጣሉ፤ ሞረድ እንዴት እንደሚያዝ ያሳያቸዋል። «ወደ ፊት ብቻ ግፋ፣ ስትመልስ አንሣው፣ ሁሉንም ጥርስ በእኩል ቁጥር» ይላቸዋል። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ጥያቄ አለው። «ገመዱን ስንት ጊዜ ትጠመጥማላችሁ?» በትክክል የመለሰ ሻይ ይጠጣል፤ ሻዩ በሱቁ ሒሳብ ነው። ሙያ ለመማር የምትፈልጉ ልጆች ኑ። ወላጆችም አትከልክሏቸው።

ለእትዬና ለምዜ፣ ለታላቃችንም ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። ያን ጊዜ ለሰጣችሁን ሁሉ፣ ስማችሁን ያልጻፍንላችሁ ጭምር፣ ከ25 ዓመት በኋላ ዛሬ በአደባባይ እናመሰግናለን። ማኅበራችንን ለልጅ ልጅ ያቆይልን።